«በቃ» የምትለው

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ የውኃ ተራ ቀን፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባሻ ወልዴ ችሎት፣
ቧንቧው አስሎ አስሎ፣ ጀሪካን ስሞላ
ቦይለሩ ሲያጉረመርም ሰማሁት፤
መጀመሪያ እንደ ጸሎት፣
ቀጥሎ እንደ ድስት፣
ኋላማ የእንጦጦን ዳገት እንደያዘች አሮጌ ሎንቺና፤
ግድግዳውን ነቅሎ የሚሄድ መሰለኝ፣
አንዴ ጮክ ብሎ አጓራና።

ቀይዋ መብራት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ያበራኋት፣
ውኃው ሲሞቅ በራሷ ትከደን የነበረች፣
ብድሩን እንደሚጠይቅ ሰው አፍጥጣ አገኘኋት።
እጄን ወደ ሆዱ ሰደድሁ፤
ሳልነካው መለስሁ።
ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት ፊደል ለቀምሁ እንጂ
የእሳትና የውኃን ጠብ መች ገላገልሁ?

በሩ አጠገብ ያለውን ሳጥን ከፈትሁት፤
ስድስት ጥቁር ማጥፊያ፣ ስድስት የፕላስተር ቁራጭ፣
አልጣሽ በእስክሪብቶ ስማቸውን ጽፋባቸው፣
ቀለሙ ሸሽቶ ከፊታቸው።
የፊደል ሰው ነኝ፤ የሷን «ቦ» ግን፣
አንድ እግሩን አስረዝማ የምትጽፈውን፣
የት እንዳለ ማየት አቃተኝ።
የመጀመሪያውን ጣልሁ፤ ፍሪጁ ዝም አለ።
ሁለተኛውን ጣልሁ፤ ቤቱ ጨለመ፣
ያቺ ቀይ ዓይን ብቻ ቀረች፣ ከኔ ጋር።
ሦስተኛውን በዳበሳ።
ጠፋች።

ሆዱ ግን አልጠፋም።
የፈላ ነገር በማጥፊያ ብቻ አይበርድም፤
ይህን ከሠርግም ከለቅሶም አውቀዋለሁ።

ደረጃው ላይ የረድኤት ባል፣ ባልዲ እንዳንጠለጠለ፣
(ሚስቱ አራስ ናት፣ አሥራ አንድ ቀኗ)
«ጋሽ ወንድይፍራው፣ በጨለማ ምን ሆኑ?» አለ።
«ቦይለሬ አብዷል።»
«ካበደስ፣ ከነእብደቱ ይቀዳ!»
የሙቁን ቧንቧ ቀስ ብለን፣ ፊታችንን አዙረን ከፈትነው፤
ፏ ሲል ቤቱን ጉም ሞላው፣ መስታወቱን ሸፈነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሠልፍ ነው።
ፔርሙስ ያላት በፔርሙስ፣ ሳፋ ያለው በሳፋ፣
ወይዘሮ ብርነሽ ጉልበቷን በሙቅ ጨርቅ ልትይዝ፣
ያ የሕግ ተማሪ ሸሚዙን ሊዘፈዝፍ፣
ሻማ የያዘ ሁሉ ሻማውን ይዞ።
«አራሷ ትቅደም!» ተባለ፤ ቀደመች።
እኔም እንደ ዕድር ዳኛ በሩ ላይ ቆሜ
«ቀዝቃዛ ጨምሩበት! ያቃጥላል!» ስል አደርሁ።
ሊነጋጋ ሲል ሕፃኑ ሲታጠብ ሲጮህ ተሰማ፣
ደረጃው ሁሉ ሳቀ።
ከአልጣሽ ሞት ወዲህ ቤቴ ይህን ያህል ሰው አልገባም፤
ያኔም ወንበሩ የኪራይ ነበር።

ጠዋት ሽኩር መጣ፣ መፍቻውን የኋላ ኪሱ ሰክቶ።
ሽፋኑን ፈታ፣ ጣቱን ሰደደ፣
ከእርሳስ የማትወፍር ዘንግ መዘዘ፣ ጫፏ የጠቆረ።
«ጋሼ፣ ውኃው ሲደርስለት ‹በቃ› የምትለው ይቺ ናት።
ሞታለች።
እሷ ከሌለች ይሄ ምኑን ያውቃል? ዝም ብሎ ይፈላል።»
መልስ አልሰጠሁትም።
ስንት ነው፣ አልሁት።

በቃ፣ ጨው።
በቃ፣ ራዲዮኑን ቀንሰው፣ ሰው ተኝቷል።
በቃ፣ ከወንድምህ ጋር ያለህ ኩርፊያ።
እሺ ሳልላት እሺ እል ነበር።
አሁን ሁለት ዓመቱ፤
ራዲዮኑ እስኪነጋ ይጮኻል፣
ወንድሜም አልደወለ፣ እኔም አልደወልሁ።

አዲሷን ገጠመልኝ። ሳጥኑንም አየና
«ይሄ አይነበብም፣ ልቀይርልዎት?»
«ተወው» አልሁት።

ማታ ሁለት ሰዓት አበራሁ፤
በርጩማ ስቤ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጥሁ፣
እንደ አስታማሚ።
ቀይ።
ቀይ።
ሳሎን ራዲዮኑ ለብቻው ያወራል።
ቀይ።
ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣
ቀጭ።

«እሺ» አልሁ፣
ተነሥቼም ራዲዮኑን ቀነስሁት።